ያገለገለ የያማሃ ዘይት ፓምፕ ወይስ የጎሚኒ ኪት? ለአርዲ 350 ሁለቱንም ገዝቼ ያየሁት

ሁለት እቃ ነው የምገመግመው። አንዱ "የአርዲ 350 ነው፣ ቀጥታ ይገባል" ተብሎ ኦንላይን የተሸጠልኝ ያገለገለ አውቶሉብ (ዘይቱን ለክቶ በራሱ ወደ ሞተሩ የሚልክ) ፓምፕ፣ ሌላው ደግሞ የራሴን ኦሪጅናል ፓምፕ ለማደስ ያዘዝኩት የጎሚኒ ኪት። ጊዜ ለሌለው ሰው ባጭሩ፦ ኪቱ 4 ከ5፣ ፓምፑ 2 ከ5፣ ለፓምፑ ያቺን 2ም የሰጠሁት ብረቱ ጤነኛ ስለሆነ ነው እንጂ ሻጩ የጻፈው ልክ ስለሆነ አይደለም።

አርዲ 350 እዚህ አሜሪካ በፈረንጆቹ ከ1973 እስከ 1975 የተሸጠ የያማሃ ባለሁለት ሲሊንደር ቱ ስትሮክ ሞተር ሳይክል ነው፣ 347 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ እስካሁን ጠግኖ የሚነዳው ሰው ብዙ ነው። ቱ ስትሮክ ሲሆን ፒስቶኑንም የክራንክ ሻፍቱን ኩሽኔታም የሚያለሰልሰው ከነዳጁ ጋር ገብቶ አብሮ የሚቃጠል ዘይት ነው፣ ሌላ የሚያድነው ነገር የለም። ድሮ ሰው ቤንዚኑ ውስጥ በእጁ እየቀላቀለ ነበር የሚነዳው፣ ያማሃ በ1964 ዋይኤ 6 የሚባለው ሞተር ሳይክል ላይ አውቶሉብ ብሎ ፓምፕ አመጣ፣ ከዛ ዘይቱ የራሱ ታንክ ኖረው ፓምፑም ሁለት ነገር እያየ ይልካል፣ አንዱ በጥርስ ከሞተሩ የሚመጣው ፍጥነት ነው ሌላው ነዳጅ ስትሰጡ በኬብል ከእጃችሁ የሚመጣው። ውስጡ ያለው ፕለንጀር (ዘይቱን የሚገፋው ትንሽ ዘንግ) እየዞረ ወደፊት ወደኋላ ይላል፣ ኬብሉ የሚስበው ፑሊ ደግሞ ፕለንጀሩ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ ይወስናል። ይቺን ያዙልኝ፣ የፓምፕ መለየት ጉዳይ በሙሉ እዚች ላይ ነው ያለው።

የኔ ፓምፕ ችግሩ ምን ነበር፣ ሞተር ሳይክሉ ቆሞ የዘይት ታንኩ ይጎድላል፣ ማርሚታው ግን ከወትሮው የተለየ አይጨስም፣ መሬት ላይም ጠብታ የለም፣ ካምቢዮ ውስጥ ያለው ዘይት ግን ከልኩ በላይ ሆኖ ይገኛል። ይሄ የፓምፑ ዘንግ ላይ ያለው ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ጎሚኒ) ማለቁን ነው የሚያሳየው። በተቃራኒው ጠዋት ስታስነሱት ሰፈሩን በጭስ የሚሸፍን ከሆነ ዘይቱ በመውጫው በኩል ወደ ክራንክ ኬዙ እየወረደ ነው፣ እሱ የቼክ ቫልቩ (ፓምፑ ሳይገፋ ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው) ኳስና ስፕሪንግ ጉዳይ ነው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው እኮ፣ ብዙ ሰው ግን ሁለቱንም "ፓምፑ ሞቷል" ብሎ ሌላ ፓምፕ ፍለጋ ይወጣል። ፕለንጀሩ ሁሌ ዘይት ውስጥ ስለሚሰራ ንጹህ ዘይት እስካገኘ ድረስ ቶሎ አያልቅም፣ የሚደርቀውና የሚሰነጠቀው ጎሚኒው ነው።

አሁን የተገዛው ፓምፕ። ሲታይ ልክ የኔን ይመስላል፣ የቡሎን ቀዳዳው ገጠመ፣ ጥርሱ ገባ፣ መውጫውም ሁለት ነው። ሻጩ "ይገባል" ያለው ይሄን አይቶ እንደሆነ ግልጽ ነው። መውጫ መቁጠር የሚጠቅመው በግልጽ የማይሆነውን ለመጣል ብቻ ነው፣ የያማሃ ዲቲ 125 ወይ ዲቲ 175 ነጠላ ሲሊንደር ስለሆኑ አንድ መውጫ ነው ያላቸው፣ ስለዚ ለአርዲ አይሆኑም፣ አለቀ። ከዛ በኋላ ግን መውጫው ምንም አይነግራችሁም፣ ምክንያቱም ያማሃ ከ100 ሲሲ ጀምሮ ባለሁለት ሲሊንደር ሰርቷል፣ 125ም 180ም 200ም አለ፣ የነሱም ፓምፕ ሁለት መውጫ አለው። ለ100 ሲሲ የተለካ ዘይት 350 ላይ ብትሰጡት ከተማ ውስጥ ቀስ እያላችሁ ስትሄዱ ምንም ላይታወቅ ይችላል፣ ሀይዌይ ላይ ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ ስትቆዩ ነው ፒስቶኑ ሲሊንደሩን ነክሶ የሚቆመው፣ እሱም የኋላ ጎማውን ይቆልፋል። ይሄ የገንዘብ ብቻ ጉዳይ አይደለም፣ ሰው ይጎዳል።

ስለዚ ሞተሩ ላይ ሳላስር ሁለቱን ፓምፖች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። መጀመሪያ ፑሊውን አየሁ፣ ቅርጹ አንድ አይደለም፣ የተገዛው ላይ ኬብሉን እስከመጨረሻ ስስበው ፕለንጀሩ የሚሄደው ርቀት ከኔው ያጠረ ነው። ከዛ ሁለቱንም በዘይት ሞልቼ፣ አየሩን አስወጥቼ፣ ፑሊውን ሙሉ ከፍቼ እኩል ዙር አዞርኳቸው፣ በትክክለኛው አቅጣጫ ነው መዞር ያለበት፣ የሚወጣውን ሲሪንጅ ውስጥ ተቀበልኩ። የተገዛው ያወጣው በአይን የሚታይ ያነሰ ነው። በቃ፣ የ350 አይደለም። ፑሊውን ብቻ ከኔው አንስቼ ባስርበትስ ብዬ አስቤ ነበር፣ ግን የፕለንጀሩ ውፍረትና የጥርሱ ሬሾም አንድ መሆን አለባቸው፣ ከሶስቱ አንዱ ከተለየ ልኩ ይዛባል፣ ስለዚ ተውኩት። ፓርት ቁጥርም ጠይቁ፣ የያማሃ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያሉት ሶስቱ እቃው በመጀመሪያ ለየትኛው ሞዴል እንደተሰራ ነው የሚያሳዩት፣ መሀል ያሉት አምስቱ የእቃውን አይነት፣ ሻጩ መሀሉን ብቻ አይቶ "ያው ፓምፕ ነው" ካላችሁ አትቀበሉት።

ወደ ኪቱ ልምጣ፣ ደስ ያለኝ እሱ ነው። የዘንጉ ኦይል ሲል፣ ፓምፑ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ኦሪንግ፣ የመውጫዎቹ የመዳብ ሮንዴላዎች፣ የአየር ማስወጫዋ ቡሎን ሮንዴላም አለበት። ልኩ ትክክል ነው፣ ኦይል ሲሉ ጠበቅ ብሎ ገባ፣ ከገባ በኋላ ካምቢዮው ዘይት መጨመሩን አቆመ። አንድ ነጥብ የቀነስኩት የቼክ ቫልቭ ኳስና ስፕሪንግ ስለሌለው ነው፣ መመሪያ ወረቀትም የለውም፣ መጀመሪያ ለሚፈታ ሰው ይሄ ከባድ ነው። ዋጋው ከፓምፑ በጣም ያነሰ ነው።

ካሰራችሁት በኋላ ማስተካከሉን አትዝለሉ። ነዳጅ መስጫው ተዘግቶ ፓምፑን እያዞራችሁ ማስተካከያ ፕሌቷ በጣም ወደውጭ የምትወጣበት ቦታ ላይ ክፍተቷን በፊለር ጌጅ (ጠባብ ክፍተት በሚለካው ቀጭን ብረት) ትለካላችሁ፣ ለአርዲ 350 ከ0.20 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ነው፣ ሌላ ሞዴል ሌላ ቁጥር አለው። ልክ ካልሆነ ዳዶውን ፈታችሁ ከፕሌቷ ስር ሺም (ቀጭን ሮንዴላ) መጨመር ወይ መቀነስ ነው። ፑሊው ላይ ያለው ምልክት ከፒኑ ጋር የሚገጥምበትን ደግሞ ማኑዋሉ እንዳለው አድርጉ፣ በግምት አይሆንም። ከዛ የአየር ማስወጫ ቡሎኗን ፍቱና አረፋ የሌለው ዘይት እስኪወጣ ጠብቁ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ በሚኒሞ እያለ የፓምፑን ኬብል በእጅ ሙሉ ስባችሁ ያዙ፣ ቱቦው ውስጥ የቀረው አየር ይወጣል፣ ይጨሳል፣ አትደንግጡ። እኔ ፓምፑን እስካምነው ድረስ ታንኩ ውስጥም ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ዘይት እየቀላቀልኩ ነው የነዳሁት፣ ካንዴላው ትንሽ ይጠቁራል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። ዘይቱ ጃሶ (የጃፓን የዘይት ደረጃ) ኤፍሲ ወይ ኤፍዲ የሚል የቱ ስትሮክ ይሁን፣ የመኪና ሞተር ዘይት አይሆንም።

አገር ቤት ዲቲ ወይ ኤጂ 100 ያላችሁ፣ እነዚህም አውቶሉብ ስለሆኑ አብዛኛው ይሰራላችኋል። "ፓምፑን አውጥተህ ቀላቅለህ ንዳ" የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ያማሃ ላይ ይቻላል፣ ግን ዘይቱ ይገባበት የነበረው ቀዳዳ በደንብ ካልተደፈነ አየር ይስባል፣ አየር ከሳበ ነዳጁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል። ሱዙኪ ጂቲ 750 አይነቱ ላይ ግን በጭራሽ እንዳታደርጉት፣ የሱዙኪ ፓምፕ ዘይቱን በቀጥታ ወደ ክራንክ ሻፍቱ ኩሽኔታዎች በየራሱ ቱቦ ነው የሚልከው፣ ቤንዚን ውስጥ የተቀላቀለው እዛ እንደሚገባው አይደርስም።

ፓምፑን መልሼ ልኬዋለሁ፣ ሻጩ ገንዘቡን ያለ ጭቅጭቅ መልሷል፣ ማስታወቂያው ላይ ያለው "የአርዲ 350" የሚለው ጽሁፍ ግን ይሄን ስጽፍም አልተቀየረም።