ሞቆ የጠበቃችሁን መኪና አትመኑት

ቆየት ያለ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ፣ እኔ እንዴት እንደተበላሁ ላውራችሁ።

ስደርስ መኪናው ታጥቦ፣ ጎማው በቅባት አብረቅርቆ፣ ሞተሩ እየሠራ ነበር። ሻጩ «አሁን ከመንገድ መግባቴ ነው» አለኝ፤ አመንኩት። ነድቼ ሞከርኩት፣ ድምፁ ልስልስ ያለ ነው። ከፈልኩ። በማግሥቱ ጠዋት ሳስነሳው ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው፣ ሞተሩም ለግማሽ ደቂቃ ያህል ቆርቆሮ የሚደበድቡ እስኪመስል ተንኳኳ። ሲሞቅ ጸጥ። ለካ ሰውየው አሙቆ ነው የጠበቀኝ!

ስለዚህ እንደደረሳችሁ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት። ከሞቀ «ነገ ጠዋት እመጣለሁ፣ እንዳታስነሳው» ብላችሁ ሂዱ። ሻጩ ከተቆጣ መልሳችሁን አገኛችሁ። ጠዋት ስትመለሱ ደግሞ እናንተ ስታስነሱ ከኋላ ቆሞ ጭሱን የሚያይ ሰው ይኑራችሁ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል፣ ይሄ አንዳንዴ በቀላሉ ይስተካከላል። ሞተሩ ሞቆም የማያቆም፣ ጣፈጥ ያለ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ካያችሁ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮኑን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥሩ፤ እሱን ማሠራት ኪስ ያራቁታል። የዘይቱን ክዳን ከፍታችሁ ውስጡን እዩት። ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ነገር ከተለጠፈበት ውሃና ዘይት ሳይቀላቀሉ አልቀሩም። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ እንዳትከፍቱ ብቻ፣ ፊታችሁን ነው የሚያቃጥላችሁ።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን እኔ ከነጭራሹ አላምነውም፣ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተልጦ፣ የሹፌሩ ወንበር ጎድጉዶ፣ መሪው አብለጭልጮ ቆጣሪው 60 ሺህ የሚል ከሆነ አንዱ እየዋሸ ነው፤ ፔዳል ደግሞ አይዋሽም። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ። 2316 ካለ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፣ ቅባቱ አያታላችሁ።

ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በሮቹ ላይ አስጠጉ። ላሜራው ላይ አልይዝ ካለ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ መሙያ) አለ፣ ተጋጭቶ ይሆናል (ፕላስቲክና አሉሚኒየም ላይ ድሮም አይዝም፣ በዚህ እንዳትጣሉ)። የወንበር ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት፤ ጭቃ ወይም የውሃ መስመር ከታየበት መኪናው ጎርፍ ገብቶበት ይሆናል።

አንድ ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው አለ። ቁልፉን ሞተሩ ሳይነሳ ስታዞሩት የሞተርና የኤርባግ መብራቶች በርተው መታየት አለባቸው። ጭራሽ ካልበሩ አንድ ሰው ነካክቷቸው ሊሆን ይችላል።

እኔ ይሄን ሁሉ የተማርኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ለሻጩ ደውዬ ስለ ጭሱ ስነግረው «ወንድሜ፣ ስትገዛው ጭስ ነበረው?» አለኝ። አልነበረውም። ዘጋው።