ለቅባት የትኛው ሳሙና ይሻላል? ደረቅ፣ ዱቄትና ፈሳሽ ሳሙና ለደጋው ገዢ ሲነጻጸሩ

ቅቤ የሚቀልጠው በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃንም ሆነ በመንዝ ብርድ፣ ቅቤ የነካ ድስት ከቧንቧ በተቀዳ ውኃ ሲታጠብ ቅባቱ ከመልቀቅ ይልቅ ይረጋል። ስለዚህ የደጋው ገዢ ከዋጋው አስቀድሞ ሳሙናው በቀዝቃዛ ውኃ ምን ያህል እንደሚሠራ ሊያጤን ይገባዋል።

በሱቅ የሚገኙት ደረቅ ሳሙና፣ ብዙዎች ኦሞ እያሉ የሚጠሩት የዱቄት ሳሙናና ላርጎ እየተባለ የሚሸጠው ፈሳሽ ሳሙና ሦስቱም የሚሠሩት በሰርፋክታንት ነው፤ ይኸውም አንደኛው ጫፉ ውኃን፣ ሌላኛው ቅባትን የሚወድ ሞለኪውል ነው። ዘይት የተቀባ ብርጭቆን ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ውስጥ ነክሮ ልብ ብሎ ለሚመለከት፣ ስስ ሆኖ የተነጠፈው ዘይት ከዳር እየተሰበሰበ ነጠብጣብ ሲሆን ይታያል፤ ነጠብጣቡ እየተድበለበለ ሄዶ ብርጭቆውን የሚነካበት ቦታ ሲጠብ፣ በትንሽ ንቅናቄ ተላቆ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ሰርፋክታንቱ በዘይቱ ዳር እየገባ ውኃው የዘይቱን ቦታ እንዲወስድ ያደርገዋል። መጠኑ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ደግሞ ሞለኪውሎቹ ሚሴል የሚባሉ ጥቃቅን ስብስቦች ሠርተው የለቀቀውን ቅባት በውስጣቸው ይይዛሉ። ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት ለተባለው የታወቀ ሰርፋክታንት ይህ ልክ በንጹሕ ውኃ በሊትር 2.3 ግራም ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ሲጨመር የሚያድገው ቅባት የመያዝ አቅሙ እንጂ የውኃው የገጽ ውጥረት፣ ማለትም ገጹን አጥብቆ የሚይዘው ኃይል፣ ከዚያ ወዲያ ብዙም አይወርድም።

ደረቅ ሳሙና ከቅባትና ከኮስቲክ ሶዳ የሚሠራ ሲሆን ሁለት ድክመቶች አሉበት። በቀዝቃዛ ውኃ በቀላሉ አይሟሟም፤ በጀማ ሸለቆ እንዳለው ከኖራ ድንጋይ በሚወጣ የምንጭ ውኃ ደግሞ ከካልሲየምና ከማግኒዚየም ጋር ተዋህዶ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል፤ ይህም ከሰሃኑ ላይ ቅባት አስለቅቆ በምትኩ ሌላ ልባስ ይተዋል። ለልብስ ቢመረጥ አይነቀፍም፤ ለዕቃ ግን የመጨረሻ ምርጫ ነው።

የዱቄት ሳሙና አብዛኛውን ጊዜ የልብስ ሶዳ ስላለበት ካልሲየሙን ይይዝለታል፤ የቆየ ቅባትንም ያላላል። ለሴራሚክና ለሲሚንቶ ወለል መልካም ነው። የአሉሚኒየም ድስት ግን ውስጡ ብዙ ከቆየ ይጠቁራል፤ ይህን ሳያውቁ ድስቱን ነክረው የሚያሳድሩ ብዙዎች ናቸው።

ፈሳሹ ለዕቃ ከሁለቱ ይበልጣል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወዲያው ይሟሟል፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያለበት ውኃም እንደ ደረቁ ሳሙና ዝቃጭ አያደርገውም። አስቸጋሪው ጥራቱን መለየት ነው፤ መወፈሩ ጥንካሬውን አያሳይም፣ ተራ የገበታ ጨው ሲጨመርበትም ይወፍራልና። አረፋውም ምስክር አይሆንም። ሁለት ዓይነት ለማወዳደር የሚፈልግ ገዢ ከእያንዳንዱ አንድ የሻይ ማንኪያ በእኩል ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ፣ ዘይት የተቀቡ ሁለት ብርጭቆዎችን ነክሮ የትኛው ዘይት ቀድሞ እንደሚሰበሰብ ቢመለከት ከማስታወቂያው የተሻለ መልስ ያገኛል።

የዘይት ጄሪካን ለማጠብ የሚገዛ ሰው ከየትኛውም ሳሙና ብዙ አይጠብቅ። ፕላስቲክ ራሱ ቅባት ወዳድ በመሆኑ ውኃው እንደ ብርጭቆው በቀላሉ ቦታውን አይነጥቅም፤ ፈሳሽ ሳሙና ከሙቅ ውኃ ጋር ጨምሮ ደጋግሞ መናጥ ያስፈልጋል። በረኪና ደግሞ ጀርም ይገድላል፣ ያነጣል እንጂ ቅባት የሚያስለቅቅ ሰርፋክታንት አይደለም፤ ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለም መርዘኛ ጋዝ ያወጣል።