ለብርድ ወራት የደረቀ እጅ፦ ቫዝሊን፣ ግሊሰሪን ወይስ የእጅ ክሬም?

የእጅ ክሬም የሚገዛ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በእሽጉ ፊት በደማቁ በተጻፈው ላይ ነው፤ «የ24 ሰዓት እርጥበት»፣ «ለተጎዳ እጅ»፣ «ተፈጥሯዊ»። ስለ ቅባቱ ግን የሚነግረን ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የተደረደረው የይዘት ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ በብዛት ካለው ጀምሮ ወደ ትንሹ ስለሚወርድ የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ስሞች ማንበብ ይበቃል። እዚያ ውስጥ ግሊሰሪን፣ ፔትሮላተም (ማለትም ቫዝሊን)፣ ዳይሜቲኮን (የሲሊኮን ዓይነት) ወይም ዩሪያ ከሌለ፣ እሽጉ የቱንም ያህል ቢያምር ለተሰነጣጠቀ እጅ ብዙ አይፈይድም።

እጅ ከሌላው ሰውነት ቀድሞ የሚደርቅበት ምክንያት አለው። መዳፍ ወዝ የሚያመነጩ እጢዎች ጭራሽ የሉትም፤ የእጅ ጀርባ ደግሞ ቆዳው ስስ ነው። የቆዳ የላይኛው ንጣፍ ውሃውን ይዞ የሚቆየው በሕዋሶቹ መካከል ባሉት ስቦች፣ በሴራማይድ፣ በኮሌስትሮልና በፋቲ አሲዶች አማካይነት ነው። ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው የውሃ ተን ትንሽ ነው፤ ያው አየር ቤት ገብቶ በማሞቂያ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ይበልጥ ያሽቆለቁልና ከቆዳ ላይ ውሃ እየወሰደ ይሄዳል። በዚህ ላይ ሙቅ ውሃና ሳሙና ይታከልበታል። የጤናማ ቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 5 ገደማ ሲሆን ተራ የገላ ሳሙና ግን 9 እና 10 ይደርሳል። ስቡ ታጥቦ ሲሄድ ቆዳው ይሻክራል፣ መለጠጥ ያቅተዋል፣ ጣት በታጠፈ ቁጥር መገጣጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። እንግዲህ ከቅባት የሚጠበቀው ሥራ ሦስት ነው፤ ውሃ ስቦ መያዝ፣ ከላይ መክደን፣ የሻከረውን ማለስለስ። ሦስቱንም እኩል አሳምሮ የሚሠራ አንድ ቅባት የለም፤ ብዙው ቅሬታ የሚመጣውም አንዱን ለሌላው ሥራ ከማሰማራት ነው።

በመክደን ረገድ ተራውን ነጭ ቫዝሊን የሚያህል የለም። ሮበርት ቼስብሮ በ1872 የፈጠራ መብቱን ካስመዘገበ ወዲህ ስንት ክሬም መጥቶ ሄዷል፤ ከቆዳ የሚተነውን ውሃ በማገድ ግን ዛሬም ቀዳሚው እሱ ነው። ውሃ ስለሌለበት እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል አያስፈልገውም። ሽታ ካልተጨመረበት አለርጂ የማስነሣት ዕድሉ እጅግ ትንሽ ነው፤ በተሰነጠቀ ቦታ ላይ ሲቀባም አይቆጠቁጥም። ጉድለቱ ራሱ ውሃ አለመስጠቱ ነው። በደረቀ እጅ ላይ ሲቀባ የሚከድነው ድርቀቱን ነው፤ «ቫዝሊን ተቀብቼ ምንም አልሆነልኝም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። እጅ ታጥቦ ገና እርጥብ እያለ መቀባት አለበት። መጠኑም ይታሰብበት፤ አንድ የአተር ፍሬ የሚያህል ለሁለት እጅ ይበቃል፤ ሲበዛ ስልኩንም ወረቀቱንም ልብሱንም ያቀባል፣ ሰውም ተማርሮ ይተወዋል። የላቴክስ ጓንት ለሚያደርጉ ደግሞ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ቫዝሊን ላቴክስን ያላላዋል፣ ይበሳዋልም። ለእነሱ የናይትራይል (ከሰው ሠራሽ ጎማ የሚሠራ) ጓንት ይሻላል።

በጠርሙስ የሚሸጠው ንጹሕ ግሊሰሪን ጥሩ ነገር ሆኖ ሳለ በአጠቃቀም የሚበደል ነው። ሥራው ውሃ መሳብ ነው፤ ነገር ግን አየሩ ደረቅ ሲሆን የሚስበውን ውሃ የሚያገኘው ከቆዳው ከራሱ ነው። ሳይበጠበጥ የተቀባ ግሊሰሪን ይጣበቃል፣ በስንጥቅ ላይ ይቆጠቁጣል። 1 እጅ ግሊሰሪን ለ3 እጅ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ማድረግ ይበቃል። የተበጠበጠው ከመበላሸት የሚጠብቀው ነገር ስለሌለ ከጥቂት ቀን በላይ የሚቆይ መጠን ማዘጋጀት አያስፈልግም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቀመጥ ይመረጣል። ከተቀባ በኋላ በላዩ ስስ ቫዝሊን ካልተደረበበት ግን ሥራው ግማሽ ነው።

ይህን መበጥበጥ ለማይፈልግ የኒውትሮጂና ኖርዌጂያን ፎርሙላ የእጅ ክሬም ጥሩ ምትክ ነው። በይዘት ዝርዝሩ ከውሃ ቀጥሎ ያለው ግሊሰሪን ነው፤ ወፍራም ስለሆነም ጥቂቱ ብዙ ቦታ ያዳርሳል። ከተቀባ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ መዳፍ ላይ የመጣበቅ ጠባይ አለው፤ ይህን የማይወዱ ብዙ ናቸው። ሽታ ያለውና የሌለው ዓይነት ስላለ እጁ የቆሰለ ሰው የሌለውን ይምረጥ። ነፋስ በሚበዛበት ቀን ውጭ ለሚውል ግን ለብቻው መክደኛ አይሆንም።

በተለይ እጁን ደጋግሞ ለሚታጠብና በእጁ ለሚሠራ ሰው የምንመርጠው ኦኪፍስ ዎርኪንግ ሃንድስ የተባለውን የእጅ ክሬም ነው። የቀመመችው ታራ ኦኪፍ የተባለች በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት የምትኖር የመድኃኒት ባለሙያ ስትሆን፣ ያዘጋጀችውም እጁ ይሰነጣጠቅበት ለነበረው ከብት አርቢ አባቷ ነው። ግሊሰሪኑ ብዙ ነው፣ ፓራፊንም አለበት፣ ሽታ የለውም። ቅባትነቱ አነስተኛ በመሆኑ ከተቀቡት በኋላ መሣሪያ ቢይዙ እጅ አያንሸራትትም። ሲበዛ ግን ቆዳው ላይ እንደ ሰም ይቀመጥና ሲታሽ ይቀረፋል። ክብ ዕቃው ለአጠቃቀም አይመችም፤ ክሬሙ ጠጣር ስለሆነ ሲጫር ጥፍር ሥር ይገባል። የሚጨመቀው ቱቦ ካለ እሱን መውሰድ ነው።

ዩሪያ ያለበት ክሬም፣ ለምሳሌ የዩሴሪን 5 በመቶው፣ ቆዳው ሻክሮና ወፍሮ ገና ላልተሰነጠቀ እጅ ነው። ከ5 እስከ 10 በመቶ ያለው ውሃ ይይዛል፣ ያለሰልሳል፤ 20 እና ከዚያ በላይ የሆነው ለተረከዝ የተሠራ ስለሆነ የእጅ ጀርባ ላይ አይደረግም። በተከፈተ ስንጥቅ ላይ ዩሪያ ያንገበግባል፤ መጀመሪያ ስንጥቁ በቫዝሊን ይዳን፣ ከዚያ ይጀመር።

በፓምፕ ስለሚወጡት ቀጫጭን ባለ ሽቶ ሎሽኖች ብዙ የሚባል የለም፤ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ውሃው ይተናል፣ ሽቶው ይቀራል። የወይራ ዘይትም ስሙን ያህል አይደለም፤ በውስጡ የሚበዛው ኦሌይክ አሲድ የቆዳን መከላከያ ሊያዛባ ይችላል። ላኖሊን ጥሩ መክደኛ ቢሆንም አለርጂ የሚሆንበት ሰው አለ፤ ስለዚህ ለብዙ ቀን በክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ በትንሹ መሞከሩ አይከፋም።

ሁለት ብቻ ይግዛ ለተባለ ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ ለቀን ግሊሰሪን የበዛበት ሽታ አልባ ክሬም በቱቦ፣ ለሌሊት ነጭ ቫዝሊን። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ምርጫው የቱንም ያህል ቢያምር አቀባቡ ካልተስተካከለ ዋጋ የለውም። እጅ በሙቅ ሳይሆን ለብ ባለ ውሃ ይታጠብ፤ ከተራ ሳሙና ይልቅ ሽታ የሌለው፣ ፒኤቹ ለቆዳ የቀረበ ፈሳሽ ማጽጃ ይሻላል። ቀለበት ከታሰረ ይውለቅ፤ ሥሩ የሚቀረው የሳሙና ርዝራዥ ያንን ቦታ ለይቶ ያቆስላል። በፎጣ ሳይፈተግ በመጠቅጠቅ ይድረቅ፣ የጣቶች መሃል ሳይረሳ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ቆዳው ገና ጤዛ ያለው ሲመስል፣ ክሬሙ ይቀባ። ልኩን ለማወቅ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መገጣጠሚያ ድረስ የተጨመቀ ክሬም ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ ይህ የአንድ እጅን ፊትና ጀርባ ይሸፍናል። ለሁለቱ 1 ግራም መሆኑ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ከተቀቡ ባለ 50 ግራም ቱቦ የሚቆየው 10 ቀን ነው፤ ወቅቱን ሙሉ የቆየ ቱቦ ካለ ጥፋቱ የክሬሙ አለመሥራት ሳይሆን አለመቀባቱ ነው። ክሬሙን መዳፍ ላይ ሳይሆን የእጅ ጀርባ ላይ አድርጎ ጀርባን በጀርባ ማሸት ይሻላል፤ መዳፍ ላይ የተደረገው እዚያው ይቀርና የሚሰነጠቁት አንጓዎች ሳይደርሳቸው ያልቃል።

እጅ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ከሌለው በሳሙና ፈንታ የአልኮል ማጽጃ መጠቀም ብዙዎች እንደሚፈሩት አያደርቅም፤ ግሊሰሪን ይጨመርበታልና። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር 1.45 በመቶ አለው። በስንጥቅ ላይ ማቃጠሉ ግን አይቀርም፤ የሚያቃጥለው ቁስሉ ክፍት ስለሆነ ነው እንጂ አዲስ ጉዳት ስላመጣ አይደለም።

ለሌሊት፣ እጅ ለአምስት ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ ይዘፈዘፍ፤ ክሬሙ ቀድሞ ይቀባ፣ ቫዝሊኑ በላዩ ይደረብ፣ ከዚያ ስስ የጥጥ ጓንት ይጠለቅ። የፕላስቲክ ጓንት ለዚህ አይሆንም፤ ላብ ያጠራቅምና ቆዳውን ከልክ በላይ ያረጥበዋል። የጠለቀ ስንጥቅ ካለ ቫዝሊን ሞልቶ በፕላስተር መሸፈን ሕመሙን ያስታግሳል፣ ጠርዞቹም እንዲገጥሙ ይረዳል። ዕቃ ሲታጠብ ውስጡ ጥጥ ያለው የጎማ ጓንት ይደረግ፤ ውስጡ ከረጠበ ወዲያው ይቀየር።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሁለት ሳምንት ያለ ለውጥ ካለፈ ጉዳዩ ድርቀት ብቻ ላይሆን ይችላል። የሚያሳክክ፣ ውሃ የቋጠሩ ደቃቅ እብጠቶች ያሉበት ቆዳ ችፌ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም የሚያዘው ቅባት ያስፈልገዋል። መግል፣ ሙቀትና እየሰፋ የሚሄድ ቅላት ካለ ኢንፌክሽን ነውና አይዘገይ። አንዱ መዳፍ ብቻ ደርቆ እየተቀረፈ ሌላው ደኅና ከሆነ እግሮቻችሁን እዩ፤ በጣቶቹ መሃልና በውስጥ እግር ተመሳሳይ መቀረፍ ካለ ፈንገስ መሆኑ ይጠረጠራል፤ ለዚያ ደግሞ የፈንገስ መድኃኒት እንጂ የእጅ ክሬም አያድንም።