የውሃ አባት ወይስ ማኅበር?

በአማራ ክልል ባህላዊ መስኖ ባለበት ገጠር ውሃውን በተራ የሚያካፍለው «የውሃ አባት» ነው። ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ይመርጡታል። ሌሊት ቦዩ ዳር ቆሞ ያንዱን ማሳ መግቢያ በጭቃና በሣር ደፍኖ የሌላውን ይከፍታል፤ ተራ የሰረቀ ይቀጣል። ፍርዱ ፈጣን ነው፣ ወረቀት አይጠይቅም። ክፋቱ ዝምድናና ይሉኝታ ናቸው፤ ከቦዩ መጨረሻ ያለች፣ ወገን የሌላት ሴት ተራዋ ሲዘለል ለማን አቤት ትላለች?

በአዋጅ ቁጥር 841/2006 የሚቋቋመው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ግን ሕጋዊ ሰውነት፣ ጠቅላላ ጉባኤና መተዳደሪያ ደንብ አለው። ችግሩ፣ የጠወለገ ሽንኩርት ስብሰባ አይጠብቅም። ለአንዲት ምንጭ የውሃ አባቱን እመርጣለሁ፣ ተራውን በመዝገብ ካሰፈረ። እንደ ቆጋ ላለ፣ ብዙ ቀበሌ ለሚያጠጣ ግድብ ማኅበሩ ይሻላል።