ስልኬን የሚቆልፍልኝ ሳጥን፦ ከስድስት ሳምንት በኋላ

ዕቃው ቀላል ነው። ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ክዳኑ ላይ ታይመር ያለው። ስልክህን ትከታለህ፣ ደቂቃውን ትሞላለህ፣ ቀጭ ይላል። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ እስኪያልቅ ብትለምነውም አይከፈትም።

አፕልም ጉግልም ከ2018 ጀምሮ የስክሪን ሰዓት መቁጠሪያ ስልክ ላይ አስገብተውልን የለ እንዴ፣ ሳጥን ምን ያደርጋል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ገደቡን የማስቀምጠው እኔ፣ የማነሳውም እኔ። ጣቴ ያቺን ማለፊያ ቁልፍ ዓይኔን ጨፍኜም ያገኛታል።

የኔ ችግር እራት ላይ ነው። ቪዲዮ ከፍቼ ነው የምበላው፣ መጨረሴን የማውቀውም ሹካው ባዶ ሳህን ሲነካ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ኩሽና ውስጥ ቆሜ የሚቀማመስ ነገር ስፈልግ እገኛለሁ። ሆዳም ነኝ ብዬ ተቀብዬው ነበር። በ2011 የታተመ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ ግን ራሴን አገኘሁት። ግማሾቹን ኮምፒውተር ላይ ካርታ እያጫወቱ ምሳ አበሏቸው፣ ሌሎቹን ያለምንም ጨዋታ። ምግቡ አንድ ዓይነት ነው። ሲጫወቱ የበሉት ጥጋቡ ብዙም አልተሰማቸውም፣ ቆይቶ ብስኩት ሲቀርብላቸው አብዝተው በሉ፣ ምሳ ላይ ምን አስከትለው ምን እንደበሉ ለማስታወስም ተቸገሩ። ጭንቅላት ያልመዘገበው ምግብ እንዳልተበላ ነው የሚቆጠረው ማለት ነው።

በ15 ደቂቃ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ያሳብዳል። እጄ በየደቂቃው ኪሴ ይገባል፣ አጥቶ ይመለሳል፣ የማነበው ሳጣ የጨው ዕቃው ላይ የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። ጨው ካልኩ አይቀር፣ የማበስለው ምግብ ጨው እንደሚበዛበት ያወቅኩት ያን ሳምንት ነው። ለካ ስንት ዓመት እንዲያ ስበላው ኖሬያለሁ!

በሦስተኛው ሳምንት 30 ደቂቃ አደረግኩት፣ ምክንያቱም ከአንጀት የሚነሳው የጥጋብ መልእክት ጭንቅላት ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፣ ብዙ ጊዜ 20 ደቂቃ ገደማ ይባላል፣ እኔ ደግሞ አንድ አጭር ቪዲዮ ሳያልቅ ሳህኑን የምጨርስ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ከእራት በኋላ ኩሽና መመላለሱ በብዙው ምሽት ቀርቷል። ቀነስክ ወይ ለምትሉ፣ ሚዛን ላይ አልወጣሁም፣ ለሱ አልገዛሁትም።

አሁን ወደ ጉዱ። ጠቅላላ የስክሪን ሰዓቴ እምብዛም አልቀነሰም። ሳጥኑ ሲከፈት ያመለጠኝን ላካክስ ነው መሰለኝ፣ እኩለ ሌሊት አልፎም ስክሮል አደርጋለሁ። እንቅልፍ ሲያንስ ደግሞ ግሬሊን የሚባለው ረሃብ ቀስቃሽ ሆርሞን ከፍ፣ የጥጋቡ ሌፕቲን ዝቅ ሊል ይችላል፣ ስለዚህ በእራት ያተረፍኩትን በሌሊት እከስራለሁ። አንድ ቀን ቆረጥኩና ስልኩን ለስምንት ሰዓት ቆልፌ ተኛሁ። አላርሙን አላጠፋሁም ነበር። ንጋት ላይ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ጮኸ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ጮኸ፣ ቤቱ በሙሉ ተነሳ፣ እኔ ሳጥኑን በትራስ አፍኜ ተቀምጫለሁ።

ግልጽ መሆኑም አይመቸኝም። ኖቲፊኬሽን በመጣ ቁጥር ብርሃኑ ይታያል፣ ፎጣ ጣል አድርጌበታለሁ። ለድንገተኛ ጉዳይ መክፈቻ የለውም፣ ስለዚህ የታመመ ሰው ቤት ያላችሁ ወይ ልጅ ያላችሁ ተዉት። ከምግብ ጋር ከባድ ትግል ውስጥ ያለ ሰውም በሰዓት መብላቱ ጭንቀት ሊጨምርበት ስለሚችል ሐኪም ያማክር እንጂ ሳጥን አይግዛ። ባትሪው አንዴ ስልኩን እንደዋጠ አለቀ፣ ደግነቱ መቀየሪያው በውጭ በኩል ነው።

ከ5 ነጥብ 3.5 ሰጥቼዋለሁ። አራት እንዳልሰጥ እህቴ ከለከለችኝ። "አንተ ቆልፍ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?" ብላ ፊት ለፊቴ ስልኳን ብርጭቆ ላይ አስደግፋ ትበላለች፣ ትናንት የሷን ስክሪን በብርጭቆው አሻግሬ ለማየት አንገቴን ስጠመዝዝ ደርሳብኛለች።