ከጥቁር አንበሳ አካባቢ የገዛሁት የጣት ኦክስጅን መለኪያ

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ካለ የሕክምና ዕቃዎች መደብር ሳንባቸውን ለሚያማቸው እናቴ የገዛሁት ፐልስ ኦክሲሜትር ዋጋው ባይቀልም ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መሣሪያው ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ፣ ኦክስጅን የተሸከመውና ያልተሸከመው ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው ፕሮቲን) ብርሃኑን በተለያየ መጠን ስለሚመጥጡ፣ ከልብ ምት ጋር ከፍ ዝቅ የሚለውን የደም ቅዳ ደም ለይቶ የኦክስጅኑን መጠን ያሰላል፤ ይህን የምህንድስናና የፊዚዮሎጂ ቅንጅት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያፈለቀው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አኦያጊ ነው። ቀዝቃዛ እጅና የጥፍር ቀለም ንባቡን እንደሚያዛቡ ሻጩ ሳይጠየቅ ማስረዳቱ ያስመሰግነዋል። መመሪያው ግን ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የጤናማ ሰው ንባብ እንኳ ጥቂት ዝቅ ሊል እንደሚችል፣ በጠቆረ ቆዳ ላይም መሣሪያው ከእውነተኛው መጠን አብዝቶ ሊያሳይ እንደሚችል አንድም ቃል አይናገርም፤ ለእኛ ከሁሉ የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸው ነበር። ባትሪው ለብቻው ይገዛል።