ሰርሊ ካራቴ መንኪ በአንድ ማርሽ፦ ከሬሾው በፊት ድምሩ

ባለ አንድ ማርሽ ማውንቴን ብስክሌት ሊገጣጥም ያሰበ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ከፊት ስንት ጥርስ፣ ከኋላስ ስንት?» ብሎ ነው። ሰርሊ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ካራቴ መንኪ ብስክሌት ላይ ግን ይህ ጥያቄ ሁለተኛ ቢመጣ ይሻላል። ቀድሞ የሚወሰነው የሁለቱ ጥርሶች ድምር ነው። ምክንያቱ የብስክሌቱ አሠራር ላይ ስላለ መጀመሪያ እሱን እንይ።

ካራቴ መንኪን የሚያወጣው ሰርሊ መቀመጫው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ ብሉሚንግተን ነው። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጣ ሲሆን፣ በባለ 29 ኢንች ጎማ በፋብሪካ ደረጃ ከተሠሩት ቀዳሚ የማውንቴን ፍሬሞች አንዱ ነው። ቱቦው 4130 ክሮሞሊ ብረት ነው። ቀላል አይደለም፤ ቀላል ብስክሌት የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይሂድ። በምትኩ የሚገኘው የኋላ ጎማው ፔርኖ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) የሚገባበት፣ ወደ ኋላ የተከፈተ አግድም ስንጥቅ ነው። ጎማውን ወደ ኋላ ስትስቡት ካቴናው ይወጠራል፤ ስለዚህ ካቴና የሚወጥር ተጨማሪ ዕቃ አያስፈልግም። ባለ አንድ ማርሽ ለሚነዳ ሰው ይህን ፍሬም የሚያስገዛው ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ጭማሪ ነው።

አዲሱ ትውልድ የኋላ ስፋቱ 145 ሚሊሜትር ነው። ቁጥሩ ግራ ያጋባል እንጂ ስህተት አይደለም፤ ብረቱ ትንሽ ስለሚለጠጥ 142ም ሆነ 148 ሞዞ (ፔርኖው የሚያልፍበት የጎማው መሃል) ይቀበላል፤ በአስማሚ ሮንዴላ ደግሞ የድሮውን 135 ያስገባል። የክራንኩ ቤት 73 ሚሊሜትር ስፋት ያለውና ኩሽኔታው እየተጠመዘዘ የሚገባበት ስለሆነ በተለመደው የክራንክ ቤት ቁልፍ ይፈታል። ጎማ 29 በ2.5 ወይም 27.5 በ3.0 ኢንች ይገባል። ከአንዱ ወደ ሌላው ብትቀይሩ የጎማው ቁመት ከ2 እስከ 3 በመቶ ይለያያል፤ ይህም ከኋላ ግማሽ ጥርስ እንደመቀየር ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የድሮው የ26 ኢንች ሕግ «ሁለት ለአንድ» ይል ነበር፤ 32 ከፊት፣ 16 ከኋላ። ያ 52 ማርሽ ኢንች ነው፤ ማርሽ ኢንች ማለት ሬሾው (የፊት ጥርስ ለኋላ ጥርስ ሲካፈል) በጎማው ቁመት በኢንች ሲባዛ ነው። ይህንኑ 32 በ16 ሳያስቡ ወደ 29 ኢንች የሚያዞሩ ሰዎች ወደ 58 ስለሚወጡ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ወርደው ይገፋሉ። በ29 ላይ የድሮውን ስሜት የሚሰጠው 32 በ18 ነው፤ 51.6 ይመጣል። እሱም ቢሆን ለሜዳማ አገር ነው። ዳገት ለበዛበት መንገድ መነሻ አድርገን የምንመክረው 32 በ20 ነው፤ ሬሾው 1.6፣ ማርሽ ኢንቹ 46 ገደማ። ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ብስክሌቱ 3.7 ሜትር ይሄዳል፤ በደቂቃ 90 ዙር ስትረግጡ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ሜዳ ላይ እግራችሁ ይርገበገባል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። ባለ አንድ ማርሽ ዋጋው ይህ ነው፤ ያላመነበት ካምቢዮውን ይዞ ይቀጥል።

ድምሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የካቴና አንድ እርምጃ 12.7 ሚሊሜትር ነው። ከፊትም ሆነ ከኋላ አንድ ጥርስ ስትጨምሩ ካቴናው ግማሽ እርምጃ ማለትም 6.35 ሚሊሜትር ይጠይቃል፤ ያ ከላይና ከታች ስለሚካፈል ፔርኖው 3.2 ሚሊሜትር ገደማ ወደ ፊት ይመጣል። ከ18 ወደ 20 ብትቀይሩ 6 ሚሊሜትር፣ ወደ 22 ብትቀይሩ 12 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ማለት ነው። ስንጥቁ ይበቃ ይሆናል፤ የዲስክ ፍሬኑ ግን አይወድም። ካሊፐሩ (ፍሬን ሸራውን የሚይዘው ክፍል) የሚታሰረው ፍሬሙ ላይ ሲሆን ዲስኩ ከፔርኖው ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ፔርኖው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፍሬን ሸራው ዲስኩን የሚነክስበት ቦታ ይዛባል። ጫፉን ብቻ ይነክሳል ወይም የዲስኩን ክንድ ይነካና ድምፅ ያወጣል። ከዚያ ካሊፐሩን ፈትቶ እንደገና ማሰለፍ ነው።

መፍትሔው ድምሩን አለመንካት ነው። 52ን እንውሰድ። 34 በ18፣ 32 በ20፣ 30 በ22፤ ሦስቱም 52 ናቸው። ሬሾአቸው ግን 1.89፣ 1.6 እና 1.36 ነው። ካቴናው ያው ነው፤ የፔርኖው ቦታም ያው ነው ማለት ይቻላል። በትክክል ከተሰላ፣ 32 በ20 ላይ ባለ 94 እርምጃ ካቴና ከክራንኩ መሃል እስከ ፔርኖው 431 ሚሊሜትር ይሰጣል። ወደ 34 በ18 ስትሄዱ ፔርኖው ግማሽ ሚሊሜትር ወደ ፊት፣ ወደ 30 በ22 ስትሄዱ ከግማሽ ያነሰ ወደ ኋላ ይሄዳል። ፍሬኑ ይህን አያውቀውም። ሁለት የፊት ጥርስና ሁለት የኋላ ጥርስ (ባለ ጥርሱ ሳህን ማለታችን ነው) ያለው ሰው ለሳምንቱ መንገድ አንዱን፣ ለቅዳሜ ዳገት ሌላውን በግማሽ ሰዓት ይቀይራል።

ዳገት ላይ ልዩነቱ ምን ያህል ነው? ነጂና ብስክሌት አንድ ላይ 85 ኪሎ፣ ዳገቱ 10 በመቶ፣ አፈር መንገድ፣ ቆሞ በደቂቃ 40 ዙር ብለን እናስላ። 32 በ20 ወደ 250 ዋት ይጠይቃል፣ 34 በ18 ወደ 290፣ 30 በ22 ደግሞ 210 አካባቢ። ባለ ብዙ ማርሽ ብስክሌት ሲደክማችሁ ቀስ ትላላችሁ፤ እዚህ ግን ቀስ ማለት አይቻልም፣ ከ40 ዙር በታች ፔዳሉ አናቱ ላይ ይሞታል። ስለዚህ ማርሹ የሚመረጠው የምትችሉትን ከፍተኛ ጉልበት አይቶ ሳይሆን ለአምስትና ለአስር ደቂቃ የምትዘልቁበትን አይቶ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ እንጦጦን ለሚወጣ ሰው ደግሞ ሌላ ሒሳብ ይጨመራል። ከተማው ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል፣ ጋራው ከ3,000 በላይ ይወጣል፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አሜሪካ ወይም እስራኤል ዝቅተኛ ቦታ ላይ በ32 በ20 የሚዝናና ሰው ለእረፍት መጥቶ በዚያው ማርሽ እንጦጦን ቢሞክር ይናደዳል። 30 በ22 ይዞ ይምጣ።

ስለ ዕቃው። የፊት ጥርሱ የሚታሰርበትን የብሎን ክብ ቀድማችሁ እወቁ። ባለ አራት ብሎን፣ ክቡ 104 ሚሊሜትር ከሆነ መደበኛው ጥርስ ከ32 በታች አይወርድም፤ ካቴናው ብሎኑን ይነካል። ብሎኑ ራሱ ጥርሱ ውስጥ የሚጠብቅበት ልዩ ባለ 30 አለ፤ ካልሆነ ጥርሱ ክራንኩ ላይ በቀጥታ የሚገባበትን ዓይነት ግዙ። ከባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ክራንክ ላይ አንዱን ብቻ ስታስቀሩ የድሮው ብሎን ይረዝማል፤ የጠበቀ መስሎ ጥርሱ ይወዛወዛል። አጭሩን ብሎን ግዙ ወይም ቀጭን ሮንዴላ አስገቡ። ሰርሊ ራሱ የሚሠራቸው የማይዝግ ብረት ጥርሶች ከአሉሚኒየሙ ይከብዳሉ፣ ዕድሜያቸው ግን አይወዳደርም። ባለ አንድ ማርሽ ላይ ጉልበቱ ሁሉ ሁልጊዜ እነዚያው ጥርሶች ላይ ስለሚያርፍ እዚህ ክብደት መቆጠብ ሞኝነት ነው።

ከኋላ ካሴት (የባለ ብዙ ማርሽ ጥርሶች ስብስብ) የሚቀበል ሞዞ ካላችሁ አንድ ጥርስና ስፔሰሮች (ክፍተት የሚሞሉ ቀለበቶች) ይበቃሉ። የአሮጌ ካሴት ሪቬት በሞረድ ተቆርጦ ስፔሰሮቹን በነፃ ማግኘት ይቻላል። ጥርሱን ግን ከዚያ አታውጡ። የካሴት ጥርስ ለማርሽ መቀያየር ተብሎ አጥሮና ተጣሞ የተሠራ ስለሆነ ካቴናውን ያዘልላል፤ በዚያ ላይ ቀጭን ስለሆነ የተቀመጠበትን የሞዞውን የአሉሚኒየም አካል እየቆረጠ ይገባል። ሲነቀል መዶሻ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከሥሩ ሰፋ ያለውን፣ ለአንድ ማርሽ የተሠራውን ግዙ፤ ማሰሪያውን ቀለበት 40 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። ሞዞው ላይ እየተጠመዘዘ የሚገባ ፍሪዊል (ሳይረገጥ በነፃ የሚዞር የኋላ ጥርስ) ለሚፈልግ ደግሞ የዋይት ኢንደስትሪስ ኢኖ ተፈትቶ ግራሶ የሚቀባ፣ ኩሽኔታው የሚቀየር ነው፤ ውድ ነው፣ ተራዎቹ ግን ሲበላሹ የሚጣሉ ናቸው። ይኸው ኩባንያ ዶስ ኢኖ የሚባል ባለ 17 እና 19 ድርብ ፍሪዊል አለው። ከፊት 34 እና 32 ካደረጋችሁ 34 በ17 እና 32 በ19 ሁለቱም 51 ይሆናሉ፤ የድምሩ ሕግ ይሠራል። ካቴናውን በእጅ አንስቶ መቀየር ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ለተራራ ግን 19 አይበቃም።

ካቴናው ተራው ባለ 8 ማርሽ ይበቃል፤ ወፍራሙ የግድ አይደለም፣ ጥርሶቹ ለወፍራም ካልተሠሩ በስተቀር። አንድ ጥንቃቄ አለ። ድምሩ አልገጥም ብሎ «ሃፍ ሊንክ» የሚባለውን፣ ካቴናውን በአንድ እርምጃ ብቻ የሚያስረዝመውን ቁራጭ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ ይህ የእርምጃውን ቁጥር ጎዶሎ ያደርገዋል። የፊት ጥርሳችሁ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን እየተፈራረቀ የተሠራው ዓይነት ከሆነ፣ ጎዶሎ ካቴና በየዙሩ ወፍራሙን ጥርስ ጠባቡ ቦታ ላይ ያመጣዋል፤ ይጋልባል፣ ከዚያ ይወድቃል። ለመሆኑ ባለ አንድ ማርሽ ላይ እንዲህ ያለ ጥርስ አያስፈልግም፤ ካቴናው በትክክል ከተወጠረና ቀጥ ካለ የትም አይሄድም።

ቀጥ ማለቱ እንዲሁ አይገኝም። ከመቀመጫ ቱቦው መሃል እስከ ፊት ጥርሱ መሃል ለኩ፤ ከሞዞው መሃል እስከ ኋላ ጥርሱ መሃልም ለኩ። ልዩነቱ ከ2 ሚሊሜትር ካለፈ ስፔሰሩን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው አዙሩ። ጠማማ ካቴና ድምፅ ያወጣል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ቁልቁለት ላይም ይወርዳል። ካቴናው ወርዶ ጎማና ፍሬም መሃል ከተሸጎጠ ቀለሙን ልጦ ብረቱን ይጭረዋል።

ውጥረቱን ስታስተካክሉ ክራንኩን ቀስ እያላችሁ አዙሩና በጣም የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጉ። ሁሉም ጥርስ ፍጹም ክብ አይደለም። የፊት ጥርሱ በብሎን የታሰረ ከሆነ ብሎኖቹን ትንሽ አላልታችሁ፣ ካቴናው በጠበቀበት ቦታ ላይ ሆኖ በፕላስቲክ እጀታ ቀስ ብላችሁ ምቱት፤ ጥርሱ ይገፋና መሃሉን ያገኛል። አጥብቁ፣ እንደገና አዙሩ፣ ድገሙ። በቀጥታ የሚገባው ዓይነት ይህን አይፈቅድም፤ እንደወጣ ነው። በመጨረሻ በጠበቀው ቦታ ላይ የታችኛው ካቴና መሃሉ ወደ ላይና ወደ ታች በድምሩ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ይጫወት። ከዚያ በላይ ከጠበቀ የሞዞውንና የክራንኩን ኩሽኔታ ይበላል፤ ፔዳሉ በነፃ አይዞርም። ከላላ ይወርዳል።

ቆማችሁ ስትረግጡ ፔርኖው በቀኝ በኩል ወደ ፊት የመሳብ ልማድ አለው፤ ጎማው ይጠማዘዝና ፍሬሙን ይነካል። ፈጣን መክፈቻ (ጎማውን ያለ ቁልፍ በእጀታ የሚያስር) የምትጠቀሙ ከሆነ መቆለፊያው ከውስጥ የሆነውን፣ ሙሉ ብረቱን ግዙ፤ ከውጭ ፕላስቲክ ያለው ቀለል ያለው እዚህ አይይዝም። የሰርሊ ተግነት የሚባለው ወጣሪ ፔርኖው ላይ ይጠልቅና በብሎን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ አንዱ በቀኝ በኩል ይበቃል። የጠርሙስ መክፈቻም አለው፣ ለሚያስፈልገው። ከመግዛታችሁ በፊት ለፔርኖአችሁ ውፍረት መሆኑን አረጋግጡ።

ካራቴ መንኪ ሳይሆን ያገለገለ ባለ 26 ኢንች የብረት ማውንቴን ያላችሁ ሰዎች፣ ስንጥቃችሁ ወደ ታች የተከፈተ ከሆነ ከዚህ ሁሉ የድምሩ ሕግ ብቻ ይጠቅማችኋል። ወጣሪ ከሌለ የሚገጥም ድምር ፍለጋ ነው፤ ካቴናው ሲያረጅም ላልቶ ይቀራል። ርካሽ ባለ ስፕሪንግ ወጣሪ ግዙና ተገላገሉ።

ካራቴ መንኪ ላይ ግን የካቴናው እርጅና እንኳን ይለካል። አዲስ ካቴና ስታስገቡ ፔርኖው ያለበትን ቦታ ስንጥቁ ላይ በቀጭን ምልክት ጫሩ። 94 እርምጃ 1,194 ሚሊሜትር ነው፤ 0.5 በመቶ ሲረዝም 6 ሚሊሜትር ይጨምራል፣ ፔርኖውም 3 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ሄዶ ታገኙታላችሁ። በዚያን ጊዜ ካቴናውን ብቻ ቀይሩ። 4 ሚሊሜትር ተኩል እስኪደርስ የተዋችሁት እንደሆነ የኋላውም ጥርስ አብሮ ያስፈልጋል፤ አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ ዳገት ሲረገጥ ይዘላል።